የእህቴን ልጅ ልብወለድ እኔው አርሜ እኔው ልመስክርለት ወይ?

ጥያቄው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው። ጠያቂው ደብረ ሲና የሚኖሩ የአማርኛ መምህር ናቸው። መንዝ መሐል ሜዳ አካባቢ አያቱ ጋ ያደገ የእህታቸው ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተምሮ ጨርሷል፣ አሁን ደሞ የመጀመሪያ ልብወለዱን ጽፎ አምጥቷል፣ በወርድ ከአራት መቶ ገጽ በላይ። «ጋሼ አንተ አርምልኝ፣ ከዛ የጀርባ ሽፋኑ ላይ በስምህ አስተያየት ጻፍልኝ» ብሏቸዋል። እሳቸውም እስከ ስልሳኛው ገጽ ድረስ ፊደሉን አስተካክለዋል፣ የገጸ ባህሪያቱን የባላገር አነጋገርም «ወደ ትክክለኛው አማርኛ» መልሰውታል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ደሞ ሁለት ሺህ ኮፒ ካሳተማችሁ ዋጋው ይወርድላችኋል፣ ኤዲቲንጉንም እኛው እንጨርሰዋለን ብሏቸው የእናትየው እቁብ ስለወጣ ቀብድ ሊከፍሉ ነው፣ ምረቃውም ለጥምቀት ታስቧል። የሚጠይቁት ምን ያህል ልንካው፣ ሳልዋሽ ልጁንም ሳላስከፋ አስተያየቱን እንዴት ልጻፈው፣ እና ሳይሰረቅ በፊት የት ላስመዝግበው የሚል ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ኦሪጅናሉንም እሳቸው ያረሙትንም ልከውልኝ ጎን ለጎን አድርጌ አንብቤዋለሁ።

መምህር፣ እርማቱን ያቁሙ። ያረሙትን ስልሳ ገጽ ለብቻው ሴቭ አድርገው ያስቀምጡትና ወደ ልጁ ኦሪጅናል ፋይል ይመለሱ። እርማቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ፊደሉ ጥርት ብሏል፣ አራት ነጥቡ ቦታው ገብቷል። ግን የሠሩት መጨረሻ ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው፣ ከሱም ውስጥ ጭራሽ መሠራት ያልነበረበት አለ። እኛ ጋ ኤዲቲንግ ሲባል ሰው የሚመጣለት ፊደልና ነጥብ ማስተካከል ነው። የልብወለድ አርትኦት ግን የሚጀምረው ታሪኩ ቆሟል ወይ፣ የት ጋ ነው የሚጀምረው፣ ማን ነው የሚተርከው፣ ምን ይውጣ ከሚለው ነው፤ ከዛ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይኬዳል፤ ፊደልና ነጥብ የሚመጣው ከነዚ ሁሉ በኋላ ነው፣ ከሌይአውት (ከገጽ ቅንብር) በኋላም እንደገና መታየት አለበት። እርስዎ ግድግዳው ላልቆመ ቤት ቀለም እየቀቡ ነው። ነገ ሠላሳ ገጽ ይውጣ ቢባል የሠላሳ ገጽ ድካምዎ አብሮ ይወጣል፣ የባሰው ደሞ የለፉበት ስለሆነ ይውጣ ለማለት ራስዎም ይሳሳሉ።

መሠራት ያልነበረበት ያልኩት ምን እንደሆነ ከላኩልኝ ላይ ላሳይዎት። ተራኪው ልጁ ነው፣ አያቱን እምዬ ነው የሚላቸው፣ ምዕራፉ ሲጀምር በአንቱታ ነው የሚያወራላቸው፣ «እምዬ ምድጃው ጥግ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ» ይላል። ከዛ አያትየው የልጁን ጠቦት ገበያ ወስደው ይሸጡበታል። እዛ ጋ ሲደርስ እንዲህ ይላል፦ «ጠቦቴን ሸጣዋለች። ሸጣ፣ ጨው ገዝታ መጣች።» እርስዎ ይሄን ስህተት ነው ብለው «ሸጠውታል፣ ሸጠው ጨው ገዝተው መጡ» አድርገውታል። ትንሽ ዝቅ ብለው ግን ያንብቡ፣ ማታ ብርድ ሲሆን «እምዬ ባናቸውን አለበሱኝ» ብሎ ወደ አንቱታው ይመለሳል። ልጁ ተናደድኩ፣ አኮረፍኩ፣ ታረቅኩ የሚል አንድም ቃል አልጻፈም እኮ፣ ኩርፊያው በሙሉ ያለው ግሱ ጫፍ ላይ ነው፣ ይሄን አውቆ ይሁን በደመነፍስ አላውቅም፣ ግን ምዕራፉ ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ እርስዎ ደሞ በቀይ ሰርዘውታል። የአማርኛ መምህር ሲባል እጁ ቶሎ የሚሄደው እንዲህ ያለው ላይ ነው፣ ክፍል ውስጥ ልክ ነው፣ እዚህ ግን አይሠራም። አንድ ጸሐፊ ከደንብ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ጊዜ ወጣ፣ የት የት ጋ ወጣ የሚል ነው። ሁሌ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ከሆነ ምክንያት አለው፣ አይነካም። የትም የትም ከሆነ ያኔ ስህተት ነው፣ ልጁ ይጠየቅና ይስተካከላል።

እውነተኛ ስህተት ደሞ አለ፣ እሱን ሳይነኩት አልፈዋል። «አያ ደምሴ ልጁን ጠርቶ ደብዳቤውን ሰጥቶት አንብቦለት አልቅሶ በርኖሱን ደርቦ ወጣ» የሚለው ማን ነው ያለቀሰው? ማን ነው የወጣው? ፊደሉ አንድም አልተሳሳተም፣ አንባቢ ግን መሀል መንገድ ላይ ጠፍቷል። አማርኛ «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ» እያለ ሲቀጥል የሚያምር ነገር አለው፣ ችግሩ ሁለቱም ወንድ ሁለቱም «እሱ» ሲሆኑ ነው። «ልጁ አነበበለት» ብሎ እዛው አራት ነጥብ ቢያደርግ በቃ ያልቃል። ከዛ ሌላ «ነበር» በየመስመሩ መደጋገም፣ ንግግር ባለቀ ቁጥር «አለ»፣ «አለች»፣ ማን እንደተናገረ ግልጽ ሆኖ ሳለ እንኳን፣ ይሄንን ይቁጠሩለት። እንዲህ ያለውን እርስዎ አይቀይሩት፣ ዳር ላይ ማን? ብለው ይጻፉና ራሱ ይቀይረው። በሱ ዓረፍተ ነገር ፋንታ የራስዎን ከጻፉ መጽሐፉ ሁለት ድምፅ ይኖረዋል፣ ይሄ ደሞ ያስታውቃል።

የመንዙን አነጋገር በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፣ ይመልሱት። ገጸ ባህሪዎቹ ሲናገሩ «ተየት መጣህ» ካሉ ተየት ነው የሚሉት። ሊጠብቁት የሚገባው አንድ ነገር ወጥነት ነው፣ የላኩልኝ ምዕራፍ ውስጥ እኚሁ አያት አንዴ «ተየት»፣ አንዴ «ኸየት»፣ አንዴ «ከየት» ይላሉ፣ አንዱን ይምረጥ። ተራኪው በምን አማርኛ ይተርካል የሚለው ሌላ ውሳኔ ነው፣ እሱንም የሚወስነው ልጁ ነው። ግርጌ ላይ ፍቺ መደርደር፣ መጨረሻ ላይ የቃላት መፍቻ መለጠፍ እኔ አልወድም፣ በርኖስና ባና ምን እንደሆነ ያላወቀ አንባቢ ሰውየው ብርድ ላይ ሲለብሰው ይገባዋል። አንባቢ ይከብደዋል ብለው ከፈሩ ደሞ የራስዎን አገር ሰው ያስታውሱ፣ ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ሰው ነው፣ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ከብዷቸው የተዉት አንባቢዎች ነበሩ፣ ዛሬ ግን ስለ አማርኛ ልብወለድ ሲወራ እሱ ሳይነሳ አይታለፍም። ይሄን ስል ያንተም እንደሱ ይሆናል ብለው ልጁን ያሳብጡት ማለቴ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ራስዎ በጥያቄዎ ላይ «ታሪኩ የሚሞቀው ከገጽ ሰባ በኋላ፣ አያትየው ሞተው መሬቱ ሲከፈል ነው» ብለዋል። ታዲያ እስከ ሰባ ምን ይሠራል? የመጀመሪያ ልብወለድ ላይ በጣም የሚበዛው በሽታ ይሄ ነው፣ ጸሐፊው ዳግም የመጻፍ ዕድል የማያገኝ ስለሚመስለው ያወቀውን ሁሉ ያስገባል፣ ልጅነቱን፣ ድርቁን፣ ደርግን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ የመጀመሪያ ፍቅሩን፣ ከዛ አንዱ ገጸ ባህሪ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ስለ አገር ፖለቲካ ሦስት ገጽ ይናገራል። መቁረጥ ሽንፈት ከመሰለው የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን ታሪክ ይንገሩት። አቼቤ የመጀመሪያ ልብወለዱን ሲጀምረው የአንድ ቤተሰብ የሦስት ትውልድ ታሪክ ነበር፣ በኋላ ሁለቱን አውጥቶ የመጀመሪያውን ትውልድ፣ የኦኮንኮን ታሪክ ብቻ አስቀረ፣ እሱ ነው እ.ኤ.አ. በ1958 ለንደን ታትሞ ዓለም ያነበበው። ያወጣውም ነገር አልባከነም፣ ለሌላ መጽሐፍ ሆኖታል። (እግረ መንገዴን፣ አቼቤ አንድ ብቻ የነበረውን የእጅ ጽሑፉን እንዲተይቡለት ከናይጄሪያ ለንደን ልኮ ለወራት ድምፁ ጠፍቶበት ነበር፣ ያውቁት የነበሩ ሴትዮ ቢሮው ድረስ ሄደው ባይጠይቁለት ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። የልጁ ፋይል ላፕቶፑ ላይ ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ሌላም ቦታ ያስቀምጠው።)

እንዴት ይሥሩት? ፕሪንት ያድርጉት፣ እስክሪብቶ ሳይዙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡ፣ የሰለቸዎት ቦታ ላይ ገጹን አጠፍ እያደረጉ ብቻ ይለፉ። ከዛ ለልጁ ደብዳቤ ይጻፉለት፣ ሦስት አራት ገጽ፣ ይሄ መጽሐፍ ስለምንድነው ብዬ እንደተረዳሁ፣ የት ጋ እንደያዘኝ፣ የት ጋ እንደለቀቀኝ፣ የማን ነገር ሳይቋጭ እንደቀረ። እንዲህ አድርገው አይበሉት፣ እንዲህ ሆነብኝ ይበሉት። ደብዳቤውን ከሰጡት በኋላ ሁለት ሳምንት አያናግሩት፣ ይናደዳል፣ ይናደድ። ልጁ ዘመድዎ ስለሆነ ሌላም ችግር አለ፣ ያን ቤት፣ ያቺን አያት፣ ምናልባት የመሬቱንም ክርክር እርስዎ ያውቁታል፣ እናትዎ ናቸው መሰለኝ፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ከራስዎ እየሞሉ ነው የሚያነቡት። ለዛ ነው ልጁን የማያውቅ አንድ ሌላ አንባቢ የግድ የሚያስፈልገው፣ ሸዋ ሮቢትም ይሁን ደብረ ብርሃን፣ ልብወለድ የሚያነብ ሰው ብቻ ይሁን።

በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ እርስዎ ላይ የወደቀው በልጁ ስንፍና አይደለም። በደርግ ጊዜ እነ ኩራዝ አሳታሚ ነበሩ፣ ሳንሱሩን እንርሳውና ረቂቅ የሚያነብ አርታዒ የሚባል ሰው ግን ነበር። ከዛ በኋላ ሳንሱሩ ቀረ፣ አብዛኛው ጸሐፊም ራሱ ከፍሎ ራሱ አሳታሚ ሆነ፣ አርታዒው ከመሀል ጠፋ። ያ ማተሚያ ቤት «እኛው ኤዲት እናደርገዋለን» ሲልዎት ቢበዛ ፊደል የሚያይ ሰው አለን ማለቱ ነው። አሳታሚ ማለት የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ ነው፣ ማተሚያ ቤት የእርስዎን ገንዘብ ተቀብሎ ያትማል፣ ታሪኩ ቆመ ወደቀ የሱ ጉዳይ አይደለም፣ አይፈረድበትምም።

አስተያየቱን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፣ ካረሙት አይመስክሩለት። ሁለቱን አንድ ሰው አይሠራም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያነሳው ክርክር አለ፣ አቼቤ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1962 ካምፓላ ማኬሬሬ ላይ በተደረገው የጸሐፍት ጉባኤ ላይ ያኔ ተማሪ የነበረው ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የልብወለድ ረቂቅ ሰጥቶት አቼቤ አንብቦ፣ አስተያየት ሰጥቶ፣ ለእንግሊዙ አሳታሚ ለሃይኔማን አሳልፎ አይደለም ወይ፣ ያም መጽሐፍ በ1964 ታተመ አይደል ይላሉ። ልክ ነው፣ ግን አቼቤ የመሰከረው ለማን ነው? ለአሳታሚ ነው። አሳታሚው እንደገና ራሱ አንብቦ፣ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ይወስናል። የጀርባ ሽፋን ላይ ሲጽፉ ግን የሚያናግሩት መጽሐፍ ቤት ቆሞ ሁለት መጽሐፍ እያወዳደረ ኪሱን የሚዳስስ ሰውን ነው፣ እሱ «ይሄ ሰውዬ ከዳር ሆኖ አንብቦ ወደደው» ብሎ ነው የሚያምንዎት። እርስዎ ከዳር አይደሉም። እኛ አገር ደሞ የቤተሰብ መጠሪያ ስም ስለሌለን አጎትና የእህት ልጅ መሆናችሁን ከስም ማንም አያውቅም፣ መደበቁ ቀላል ስለሆነ ነው ጠንቀቅ ማለት ያለብዎት። ደብረ ሲና ላይ ግን ሁሉም ያውቃል፣ ምረቃው ቀን ከኋላ የተቀመጠው ሰው ለጎረቤቱ ሹክ የሚለው መጀመሪያ ይሄንኑ ነው።

ስምዎ መግባት ያለበት የኅትመት መረጃው ገጽ ላይ ነው፣ አርታዒ ተብሎ፣ ወይ ደሞ ልጁ ምስጋናው ላይ አጎቴ ብሎ ይጻፍ። የግድ መግቢያ መጻፍ ከፈለጉም «አጎቱ ነኝ፣ ረቂቁንም አብሬው ሠርቻለሁ» ብለው ይጀምሩ፣ ከዛ በኋላ የሚሉትን አንባቢ በዛ ልክ ይቀበልዎታል። ለጀርባ ሽፋኑ ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የሚያነብ መጽሐፍ ሻጭ። ትልቅ ስም አያሳድዱ፣ ያላነበበ ዝነኛ ከሚጽፈው ያነበበ የማይታወቅ ሰው የጻፈው ይሻላል። የሚሰጡት ያለቀውን ረቂቅ ይሁን፣ ጊዜ ይስጡት፣ እምቢ ሊል እንደሚችል አስቀድመው ይንገሩት፣ የጻፈውን ደሞ የማይመቸውን ግማሽ ቆርጠው ሌላውን አያትሙበት።

ምን ይባል? «ድንቅ፣ ዘመን ተሻጋሪ፣ ከእጄ ሳላስቀምጥ የጨረስኩት» ምናምን የሚለውን አንባቢ ማንበብ ካቆመ ቆይቷል፣ የትኛውም መጽሐፍ ጀርባ ላይ ቢለጥፉት ይሄዳል። የላኩልኝን ምዕራፍ ብቻ ይዤ እኔ ብባል የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «መንዝ ውስጥ አንድ ልጅና አያቱ በአንድ ጠቦት ይቀያየማሉ። ተራኪው ኩርፊያውን አይነግረንም፣ ከአነጋገሩ እንድንሰማው ያደርገናል። ፈጣን ታሪክ ለሚፈልግ አይደለም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ልጁን ታስከፋው ይሆናል፣ ግን ከላይ ያሉትን ሁለቱን የምታሳምንለት እሷ ናት። መጽሐፉ ለሱ የማይሆን ሰው እጅ መግባቱም ኪሳራ ነው፣ ፈጣን ታሪክ ፈልጎ የገዛ ሰው ሃያኛው ገጽ ላይ ጥሎት ለሦስት ሰው አትግዙ ይላል።

ስለ መሰረቅ፣ የተሳሳተ ፍርሃት ነው የያዛችሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን የሚሰጠው ሥራው ተጽፎ ሲገኝ ነው፣ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፣ ጥበቃውም በሕይወት እስካለ እና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ስለሚሆን ጥሩ ነው፣ ያድርጉት። ሐሳቡን ብቻ ግን ማንም አይጠብቅልዎትም፣ መሬት ስለሚካፈል ቤተሰብ ሌላው ሰውም መጻፍ ይችላል። ይልቅ የሚያሰጋው ወረቀት ነው፣ ማንም ይሁን ማን መብትን የሚያስተላልፍ ውል ሲያመጣ ለስንት ጊዜ፣ ለስንት ኮፒ፣ ለኅትመት ብቻ ነው ወይስ ለትረካና ለፊልም ጭምር የሚለው ተጽፎ ካላዩ ልጁ እንዳይፈርም። ከታተመ በኋላ ደሞ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ መዞሩ አይቀርም፣ ማቆሙ ከባድ ነው፣ ስለዚህ የሒሳብ ዕቅዱን ሁሉም ገዝቶ ያነባል ብለው አይሥሩ።

ኅትመቱ ላይ ሦስት ነገር ልበልና ልጨርስ። ኮፒ ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል የሚለው እውነት ነው፣ ያልተሸጠው ግን ሳሎን ውስጥ ነው የሚቆለለው፣ አከፋፋይም ከሽፋን ዋጋው ላይ ጠቀም ያለ ድርሻውን ይቆርጣል፣ ለመጀመሪያ መጽሐፍ ጥቂት መቶ አሳትሞ አካባቢውን ማየት ይሻላል። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በአሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ ነው የሚታጠፈው፣ ስለዚህ ሰማንያ ገጽ ቢቆረጥ አምስት ፎርም (አምስት እጥፍ) ወረቀት ቀረ ማለት ነው፣ ለእናትየው በዚህ በኩል ቢያስረዷቸው መቁረጡ ቶሎ ይገባቸዋል። ሦስተኛ፣ ሌይአውት የሚሠራው ሰው ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የፊደል ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነና ልጁ የጻፈው አሁን ስልኩም ኮምፒውተሩም በሚጠቀምበት በዩኒኮድ ከሆነ ሲገለበጥ ፊደል ሊበላ፣ ነጥብም ሊጠፋ ይችላል፣ የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ የሚፈለገው ያኔ ነው፣ የመጨረሻው ፕሩፍ (ከኅትመት በፊት የሚታየው ናሙና) ላይ፣ በወረቀት። ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ ጸ ፀን አንድ መንገድ መርጠው የሰውና የቦታ ስም ዝርዝር አዘጋጅተው ይጠብቁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሁሉንም ቀይር የሚለውን አይጫኑ፣ ያላሰቡትን ቃል ይዞ ይሄዳል። አይኤስቢኤኑን (የመጽሐፉን መለያ ቁጥር) ከወመዘክር፣ ከብሔራዊ ቤተ መዛግብቱና ቤተ መጻሕፍቱ፣ ይውሰዱ፣ ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት።

ለጥምቀት የሚደርስ ነገር ስለሌለ ምረቃውን ይሰርዙት፣ ቀብዱንም አይክፈሉ፣ እህትዎ እቁቡን ባንክ ታስቀምጠው። ለልጁ የሚጽፉትን ደብዳቤ ከመስጠትዎ በፊት ሰው እንዲያይልዎ ከፈለጉ ይላኩልኝ፣ አነበዋለሁ። ሙሉውን ልብወለድ ግን አሁን አይላኩልኝ፣ መጀመሪያ እርስዎ ጨርሰው ያንብቡት፣ ስልሳኛው ገጽ ላይ ነው ያሉት እኮ።